ወንድም ጋሼ ለማርሽ ባንዱ ልጅ ሲፈልግ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። እኔ ከእሱ አጠገብ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ፣ እሱ ደንበኛው ጆሮ ሥር የሚያወራውን ሁሉ እኔም ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያስቀመጥኳት ሴትዮም አብረን እንሰማለን። የሚያወራው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ማርሽ ባንዱ።

በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም "ማርሽ" ነው የሚለው። የታክሲ ሾፌሮች ሲያልፉ መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና "ማርሽ! ዛሬ ስንተኛ ላይ ነህ?" ይሉታል። እሱም መቀሱን ሳያስቀምጥ "ዳገት ላይ ነኝ፤ አንደኛ አስገብቻለሁ" ይላቸዋል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ጫማዬንና ደብተሬን የገዛው፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሄደልኝ እሱ ነው።

ባንዱን የመሠረቱት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ። አባታችንም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ቀን የሽመና ማሽን ላይ፣ ማታ ትራምፔት ላይ። ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኖቹ ተፈታተው ተጫኑ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር ተሸጠ። ትራምፔቱን፣ ትሮምቦኑንና ከበሮውን ግን ዞር ብሎ ያየው ስላልነበረ ለሰፈሩ ቀረ። ወንድም ጋሼም ባንዱን ከአባታችን ወረሰው ማለት ይቻላል። ሌላ የወረስነው ነገር የለም።

የምንለማመደው የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይኼ ራሱ ለሰፈሩ ቀልደኞች ሲሳይ ነበር። ወጣቶቹ በአንድ ጥግ የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታሉ፣ በወጣት ማዕከሉ ገንዘብ የተገዛው ወንበር ላይ ደግሞ እኛ ሽማግሌዎች ተደርድረን እንነፋለን። ትሮምቦኑን የሚይዘው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ትልቁን ከበሮ የሚመታው ከባንክ ጥበቃ ጡረታ የወጣው ዘበኛ ነው። ሳክስፎኑን የሚነፋው የመብራት ቆጣሪ እየዞረ የሚያነበው ሰውዬ ነው፤ በሥራው ውሻ ስላሳደደው ይሁን አይታወቅም፣ ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ይጨርሳል። እኔ ጸናጽል አጋጫለሁ። ከሁሉም ወጣቷ እኔ ነበርኩ፤ አርባን አልፌያለሁ።

"እኛ ስንሞት ይኼ ነገር አብሮን ነው የሚቀበረው" ይል ነበር ወንድም ጋሼ። ስለዚህ ልጅ ይፈልጋል። ልጅ የሚፈልገው ደግሞ ወንበሩ ላይ ነው። ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ ልጅ የትም አይሄድም። ወንድም ጋሼ እዚያች ላይ ማሽኑን ያጠፋና መስታወቱ ውስጥ ያየዋል።

"እስቲ ጥርስህን አሳየኝ።"

"ለምን ጋሼ?"

"አሳየኝ ዝም ብለህ።" ልጁ ያሳየዋል። "እሰይ! ይኼ እኮ የትራምፔት ጥርስ ነው። አታውቅም ነበር?"

ልጁ አያውቅም ነበር። የቀረው ግማሽ ራሱ እንዲቆረጥለት ብቻ "እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" ይላል። እሺታው እስከ በሩ ነው።

የመጡም ነበሩ፣ አልዋሽም። አንዱ ለኮፍያው መጣ፣ ኮፍያው ራሱ ላይ ሲዋልልበት ጊዜ ቀረ። አንዱ ለኳስ ሜዳ ጭፈራ የሚሆን ትራምፔት ፈልጎ መጣ። አንዷ እናቷ በግድ እያመጣቻት ሦስት ወር በሩ ላይ አለቀሰች። አንድ ልጅ ግን ሁላችንንም ያስከነዳ ወጣ፤ ወንድም ጋሼ ስለ እሱ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እሱን የፖሊስ ባንድ ፈተነውና ወሰደው፣ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስ፣ ሁሉ ነገር። ደስ አለን፣ ሸኘነው። በነጋታው ወንድም ጋሼ ሱቁን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠና "አየሽ" አለኝ፣ "ጎበዙን ደመወዝ ይወስደዋል፣ ሰነፉን ስንፍናው ያስቀረዋል። እኔ ጋ የሚቀረው ማን ነው?"

አባታችን ያስተማረው መንገድ ከባድ ነበር። ጀማሪ የሆነ ሁሉ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ ይነፋል፤ ረጅም ድምፅ፣ እስኪያዞረው። ከዚያ በኋላ ነው ኖታ የሚያየው፤ አደባባይ መውጣትማ በሁለተኛው ዓመት። ወንድም ጋሼም ይህንኑ አንድ ሳይቀንስ ያዘ። ልጅ ሲሳሳት ይጮኻል፤ ሳይሳሳት ሲቀርም ሊሳሳት እንደሆነ ገምቶ ይጮኻል።

ልብስ ሰፊዋ የእኔ ደንበኛ ናት። አንድ ቀን ትንሿን ልጇን ይዛ መጣች። እሷ ካስክ ውስጥ ገብታ ልጅቷ አግዳሚው ላይ እግሯን ስታወዛውዝ፣ ከግድግዳው ማዶ ወንድም ጋሼ እንደ ልማዱ የአንዱን ልጅ ጥርስ ሲያሞግስ ትሰማለች። ተነሳች፣ ወጣች፣ ዞራ የወንዶቹ በር ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ትልቁ የቱ ነው?" ስትለው ሰማኋት።

"የምን ትልቁ?"

"ከሚነፋው። ከሁሉም ትልቁ።"

"ቱባ ነው። አንቺን የሚያህል ሰው ግን…"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

እናትየው በካስኩ ጩኸት መሃል የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። "ቱባ?" አለች ጮክ ብላ። "ቱባማ ቤታችን በየቀለሙ ሞልቷል! ምን አጥታ ነው ሰው የምታስቸግር?" ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዷ ደንበኛዬ ፀጉሯ የተጠቀለለባቸው ቢጎዲኖች እስኪረግፉ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም ቱባ ሆነ፤ አስተማሪዎቿ ሳይቀሩ እንደዚያ ጠሯት።

መሣሪያው ከእሷ ይበልጣል። ከኋላ ሆነህ ስታያት ቱባው ራሱ ሁለት ቀጫጭን እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ግን ነፋችው። የመጀመሪያውን ቀን ከውስጡ የወጣው ድምፅ በር ሲጎተት ዓይነት ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣና የአዳራሹ መስኮት ተንቀጠቀጠ። የቴኒስ ተጫዋቾቹ ኳሳቸውን ይዘው ዞሩ። ዘበኛው ከበሮው ላይ ተደግፎ "ይቺ ልጅ ናት ወይስ መርከብ?" አለ።

ቱባ ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ወንድም ጋሼ ሁለት ልጆች እንደገና ቀሩብኝ ብሎ ሲብሰለሰል ቁጭ ብላ ሰማችውና፣

"ጋሼ፣ ለምን እንደሚቀሩ ልንገርዎት?" አለችው።

"ንገሪኝ እስቲ።"

"ይደብራል።"

"ምኑ?"

"ሁሉ ነገሩ። ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ኡ……ኡ ማለት። ጓደኞቻችን ቅዳሜ ምን ትሠራላችሁ ሲሉን ምን እንበላቸው? ደግሞ ይጮሃሉ።"

ዳቦ ጋጋሪው ሳል እንደያዘው ሰው ፊቱን አዞረ፤ እየሳቀ ነበር። ወንድም ጋሼ ቀላ። "አባታችን እንደዚህ ነው ያስተማረን" አለ።

"ያኔ ስልክ አልነበረማ" አለችው።

ያን ሳምንት ከግድግዳው ማዶ ምንም አልሰማሁም። ደንበኞቹን ዝም ብሎ ነው የቆረጠው። ዓርብ ዕለት ወደ እኔ ቤት ገባና ማጠቢያው ላይ ተደገፈ። "ሁለት ድምፅ ብቻ የሚፈልግ ማርሽ ብጽፍላቸውስ?" አለኝ። "ዜማውን እኛ እንይዘዋለን። ልጆቹ ሁለቷን ድምፅ ብቻ ይዘው መንገድ ይወጣሉ።" አባቱን ከመቃብር ጠርቶ እየተከራከረ የሰነበተ ነው የሚመስለው።

ጻፈው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአዳራሹ ወጥተን እስከ ጋራዦቹ ድረስ ሄድን። ልጆቹ ሁለቷን ድምፅ እየተቀባበሉ፣ ቱባ ከኋላ እንደ ሞተር እየገፋቻቸው። ሜካኒኮች ከመኪና ሥር ወጡ። የመጋዘን ጫኞች ጆንያቸውን አውርደው አጨበጨቡ። ሕፃናት ከኋላችን ጎረፉ። ስንመለስ በሩ ላይ "እኛም እንችላለን?" የሚሉ ልጆች ቆመው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዝም ብሎ ደስ የሚል ጊዜ ነው። ልጅ ልጅን እየጎተተ መጣ። የቴኒሱ ጠረጴዛ ተጣጥፎ ግድግዳ ተደገፈ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ትሮምቦን ይዘዋልና። ወንድም ጋሼ በነጭ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከማበጠሪያው ጋር የመሣሪያ አፍ፣ ያቺን የሚነፋባትን ጫፍ፣ ይዞ ይዞር ጀመር፤ ልጆቹ እንዳይታመሙ እያለ እኔ የፀጉር ማጠቢያ ውሃ በማሞቅበት ዕቃ ውስጥ ይቀቅለዋል። ቱባም ሕግ አወጣች፤ ጋሼ ከጮኸ ለሁሉም ከረሜላ ይገዛል። ከረሜላ ነጋዴዋ በዚያ ሰሞን ያገኘችውን ትርፍ ወንድሜ ነው የሰጣት። እያደር ግን ጩኸቱ ቀነሰ። አንድ ቀን ልጆቹ ሲሳሳቱ አብሯቸው ሲስቅ አየሁትና ለራሴ፣ ይኼን ሰው በልጅነቱ እንዲህ አድርጎ ያሳቀው ሰው ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ።

ልብስ ሰፊዋ ለሁሉም የደንብ ልብስ ሰፋች፤ ወይን ጠጅ፣ ትከሻው ላይ ቢጫ ገመድ ያለው። ወላጆች ጨርቁን አዋጡ፣ እሷ ጉልበቷን። "ልጅ ነው፣ ያድጋል" ትላለች እጅጌውን ወደ ውስጥ እያጠፈች፤ "እዚህ እጥፋት ውስጥ ሁለት ዓመት አስቀምጬለታለሁ።" ወንድም ጋሼ ይቺን ንግግር ወደዳት፤ ለመጣ ለሄደው አወራት። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት አብረውት የሚቆዩ ልጆች ይኖራሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ከምረቃው አዘጋጆች ስልክ የተደወለው በዚያው ሰሞን ነው። አዲሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሊመረቅ ነው፤ ከአደባባዩ እስከ መናኸሪያው ሰልፉን የሚመራው የእናንተ ባንድ ነው፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባለ። ወንድም ጋሼ የደንበኛውን ጺም በአረፋ ቀብቶ ትቶት ነው ወደ እኔ የሮጠው። አረፋው እስኪደርቅ ድረስ ሰውዬውም አብሮን ተደሰተ።

ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው አወሩ። ለእያንዳንዱ ዘመድ ተደወለ። በየቀኑ ተለማመድን፤ ከሁለት ድምፅ አልፈው ሙሉውን ማርሽ ያዙት። ያምር ነበር ብል ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ከእኛ እኩል መጨረስ ጀምሮ ነበር።

የዕለቱ ዕለት ጠዋት አደባባዩ ዳር ተሰለፍን። ወላጆች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቦታ ይዘዋል። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ ከፊት ቆማለች። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል። ለንግግር መስሎን ነበር።

የሰልፉ አስተባባሪ ወጣት ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ አንገቱ ላይ ባጅ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ወንድም ጋሼን በትህትና ጨብጦ፣

"ጋሼ፣ ድምፁ ከመኪናው ነው የሚወጣው" አለው። "እናንተ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።"

"ምኑን ይዘን?"

"መሣሪያውን። በቀጥታ ስለሚተላለፍ ድምፁ ጥራት እንዲኖረው ነው። አፋችሁ ላይ አድርጉት፣ እንደምትነፉ ሁኑ፤ ግን አትንፉ።"

ወንድም ጋሼ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። "ልጆቹ እኮ ይችላሉ" አለ። "አንዴ ስማቸውና ራስህ ፍረድ። አንዴ ብቻ።"

"የመቻል ያለመቻል ነገር አይደለም፣ ጋሼ። ተወስኗል። እኔም ታዝዤ ነው።"

"ማን ነው የወሰነው? አገናኘኝ።"

አስተባባሪው ደወለ። አልተነሳም። ደግሞ ደወለ፤ ተነሳ፣ ስልኩን ለወንድም ጋሼ ሰጠው። ወንድም ጋሼ "ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ የማርሽ ባንዱ…" ብሎ ሳይጨርስ ስልኩን አየው፣ መለሰለት። "እንግዶች እየገቡ ነው ብሎ ዘጋው" አለኝ።

ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ ዘበኛው መጣ፤ ምንድነው፣ ምንድነው። ልጆቹ መሣሪያቸውን አቅፈው ያዩናል። "ወንድም ጋሼ፣ እንመለስ" አልኩት ቀስ ብዬ። ወደ ወላጆቹ ተመለከተ። አንዱ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሰልፉን ያሳየዋል፤ የአንዱን አያት በወንበር ተሸክመው አምጥተዋታል። ወደ መኪናው ተመለከተ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ ሲናገር፣ ያንን ሁሉ ዓመት የጮኸው ሰውዬ ድምፁ ጠፋበት።

"ልጆቼ" አለ። "ዛሬ… ዛሬ ያዙት ብቻ።"

"ማለት?" አለች ቱባ።

"አትነፉም። ድምፁ ከመኪናው ነው።"

ከኋላችን ያሉት ሰልፈኞች መግፋት ጀመሩ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እኛም ሄድን።

ከማጉያው የሚወጣው ማርሽ የእኛ አልነበረም። የማናውቀው ነው፣ ደግሞም ይፈጥናል። እግራችን ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። ዘበኛው ዱላውን ከበሮው ቆዳ ጋ እያደረሰ ይመልሰዋል። እኔ ጸናጽሌን እያቀራረብኩ፣ ሳላጋጭ እለያየዋለሁ። እንደዚያ ክንድ የሚያደክም ነገር በሕይወቴ ይዤ አላውቅም። ቱባ ከጎኔ ነበረች። አንድ ጊዜ ዞር ስል ጉንጮቿ ተነፍተዋል፣ አንገቷ ሥር ደም ሥሯ ቆሟል። እየነፋች ነው። የምሯን፣ የእኛን ማርሽ፣ ባላት ኃይል። አጠገቧ ሆኜ አንዲት ድምፅ አልሰማሁም፤ ማጉያው ሁሉንም ውጦታል። የሚያግዳት እንኳ አልነበረም፤ የሚሰማት ከሌለ ማን ያግዳታል? እስከ መናኸሪያው በር ድረስ ነፋች።

ወላጆቹ ግን አላወቁም። ይኼ ነው የባሰው። ድምፁን ሰሙ፣ ልጆቻቸውን አዩ፣ አበቃ። "የኔ ልጅ ነው! ያውልህ!" እያሉ ያጨበጭባሉ። ልብስ ሰፊዋ መናኸሪያው በር ላይ ልጇን ከነቱባው አቅፋ "እንዴት አሳመራችሁት! እንዴት አሳመራችሁት!" እያለች አለቀሰች። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ በላይ ወንድም ጋሼን ታየዋለች። እሱ ዓይኑን ሰበረ።

ከሁለት ቀን በኋላ በየስልኩ አንድ ቪዲዮ ዞረ። አንዱ ትራምፔት ነፊያችን ሰልፉ መሃል አፍንጫው በልቶት መሣሪያውን አውርዶ ያክካል፤ የትራምፔቱ ድምፅ ግን አይቋረጥም። በቃ። ትምህርት ቤት ውስጥ "ፕሌይባክ ባንድ" ተባሉ። ልጆቹ በኮሪደር ሲያልፉ ሌሎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጉንጫቸውን ይነፉባቸዋል። አፍንጫውን ያከከው ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ሳምንት ተኛ። ወላጆቹም ያኔ ነው ያወቁት፤ አንዳንዶቹ ከልጆቻቸው የበለጠ አፈሩ፣ ያንን ሁሉ ዘመድ ጠርተው።

የሚቀር ሰው ደህና ሁኑ ብሎ አይቀርም። አንዱ ፈተና ደረሰብኝ አለ፣ አንዷ ጥርሷን አመማት። የደንብ ልብሶቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ በፌስታል ሆነው እኔ ቤት ይመጡ ጀመር፤ ለእሱ በእጁ መስጠት ከብዷቸው ነው መሰለኝ። "ለጋሼ ስጪልኝ" ይሉና ይሮጣሉ። ግድግዳው ቺፑድ ነው፣ ይሰማል። ወንድም ጋሼ አንዱንም ወጥቶ አልጠራም።

ዳቦ ጋጋሪው ተቆጣ። "እምቢ ማለት ነበረብህ" አለው አዳራሹ ውስጥ፣ ሁላችንም ባለንበት።

"አንተ የት ነበርክ?" አለው ወንድም ጋሼ።

"ከኋላህ።" አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ "እኔም ዝም ነው ያልኩት። እሱ ነው ያናደደኝ።"

ቱባ አልቀረችም፣ መጀመሪያ ላይ። ከልጆቹ ሁሉ ብቻዋን መጣች። የመጀመሪያው ቅዳሜ መሣሪያዋን ሳታነሳ ወንድም ጋሼ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ለምን እሺ አሉ?"

"እምቢ ካልኩ ከነጭራሹ አትወጡም ብዬ ነው። ወላጆቻችሁ ቆመው ነበር።"

"ብንመለስ ይሻል ነበር።"

"አዎ" አላት። "ይሻል ነበር።"

እሷ የጠበቀችው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ቢከራከራት፣ ቢጮህባት፣ ከረሜላ ይግዙ ብላ ብትስቅበት። "አዎ" ሲላት የምትይዘው ጠፋባት። ተቀምጣ ነፋች፤ በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ እንዴት እንደሚከብድ። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ቆየች። ከእኛ ከአምስት ጎልማሶች ጋር አንዲት ልጅ፤ የምታዋራው የለ፣ የምትቀልድበት የለ። ከዚያ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ። ከዚያ እናቷ ካስክ ውስጥ ሆና "ጥናት በዝቶባታል፣ ምን ላድርጋት ብለሽ" አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። እኔም "እውነት ነው፣ ጥናት ይቀድማል" አልኳት።

ወንድም ጋሼ በየቤቱ ልዙር አለ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል" ብለው ከልክለውት ነበር ሌሎቹ፤ አልሰማም። አብሬው ሄድኩ። ጢሙን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ በየበሩ ቆሞ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጆቹ ምንም አላጠፉም፣ ልጅዎን ይመልሱልኝ" ይላል። ማንም አልሰደበውም። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ አሉን። አባቶቹ "ኧረ ምንም አይደለም፣ እርስዎ ምን ያድርጉ" እያሉ አጽናኑት። ልጆቹ ከጓዳ አልወጡም። አንዱ ቤት ብቻ፣ ያ አፍንጫውን ያከከው ልጅ ወጣና ጨበጠው፤ "እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ጋሼ" አለው። ወንድም ጋሼ የልጁን እጅ ይዞ "የለም፣ የለም" አለው።

አሁንም ልጆቹ ይመጣሉ፤ ለፀጉር። ሌላ ጎበዝ ፀጉር ቤት ቅርብ ላይ የለም። ከጎን አንሳልኝ፣ ከላይ ተውልኝ ይሉታል፣ በስልካቸው ፎቶ ያሳዩታል፤ እንደ ፎቶው አድርጎ ይሠራላቸዋል። ከግድግዳው ማዶ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛዬ "ወንድምሽ ዛሬ አልገባም እንዴ?" አለችኝ።

ባንዱ አልፈረሰም። አምስታችንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። የቴኒሱ ጠረጴዛ ተመልሶ ተዘርግቷል። ዘበኛው ጉልበቱን ስለሚያመው ከበሮውን ቁጭ ብሎ ነው የሚመታው፤ ስለዚህ መንገድ አንወጣም። የማዕከሉ ኃላፊ ሁለት ጊዜ መጥታ አዳራሹን ለኮምፒውተር ሥልጠና እንደሚፈልጉት በደግ አፍ ነግራናለች። "ለወጣቶች ነው" ስትለን ወንድም ጋሼ "እውነትሽን ነው" አላት።

ባለፈው ሳምንት ከገበያው ወዲያ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ወንድም ጋሼ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ኮቱን ለብሶ ወደዚያ ሲወጣ አየሁት። ረፋድ ላይ ተመለሰ። በሬ ላይ ቆሞ ውሃ ስጪኝ አለኝ።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"ጥሩ ሰዎች ናቸው" አለኝ። "ዳይሬክተሯ ራሷ ተነስታ ተቀበለችኝ። የልጆች ባንድ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንነጋገርበትና እንደውልልዎታለን አለችኝ።"

"ስልክ ቁጥርህን ወሰደች?"

ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን ማጠቢያው ላይ አስቀመጠ። "አይ" አለ። "አልጠየቀችኝም።"

ከዚያ ጋዋኑን ለብሶ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። እኔም ቀለም የቀባኋት ሴትዮ ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ላጥባት ገባሁ።